የተተረከው አመፅና ያልተተረከው

ተከታታይ የታሪክ ድራማ ከመድረክ ተውኔት የሚለይበት ዋናው ነገር ጊዜ ነው። የመድረክ ተውኔት ተመልካቹን ለሁለት ሰዓት ያህል ይዞ ያቆየውና መጋረጃው ሲዘጋ ወደየቤቱ ያሰናብተዋል። ተከታታዩ ግን ከሳምንት ወደ ሳምንት እየተሸጋገረ፣ ተስፋንና ሥጋትን እያሳደረ፣ ከአድማጩ የዕለት ኑሮ ጋር ጎረቤት ሆኖ ይከርማል። ገጸ ባሕርያቱ በቡና ላይ ይታማሉ፤ ሲያጠፉ ይረገማሉ፤ ሲሞቱም ይለቀስላቸዋል። ዘመን ሲያልፍ ደግሞ አድማጩ በትረካ የሰማውን ነገር ከአባቱ አንደበት ከሰማው ነገር ለይቶ ማስታወስ ያዳግተዋል።

በአገራችን ይህን የተከታታይ ሥራ ኃይል ከማናቸውም ይልቅ አጉልቶ ያሳየን በሬዲዮ የተተረከ ልብ ወለድ ነው ብል ብዙ ተቃዋሚ የሚገጥመኝ አይመስለኝም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት፣ በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በክፍል በክፍል እየሆነ ተላልፏል። የታሪኩ ዋና መድረክ ዲማ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ስሙ የታወቀ ደብር ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ የዚያ አገር ገበሬዎች በባላባታቸው ላይ ያምፃሉ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች በእውነት አመፁ።

እንግዲህ በአንድ አገር አፈር ላይ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት፣ አንድ የድርሰትና አንድ የታሪክ አመፅ አሉን ማለት ነው። የድርሰቱን ከከተማ እስከ ገጠር የማያውቀው የለም። የታሪኩን የሚያውቁት ተመራማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምንድን ነው? ልዩነቱስ ምን አሳጥቶናል? በታሪክ ላይ ድራማ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ማለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ደራሲው ጥቂት ማለት ይገባል። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲማን ከሩቅ ሰምተው አልጻፉትም። የተወለዱት በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ሲሆን የቤተ ክህነትን ትምህርት የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዚያው በዲማ ነው። ከዚያም አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር በሽሬ ግንባር ተሰልፈዋል፤ ኋላም ተማርከው በኢጣሊያ ደሴቶች ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ በዋሽንግተንና በለንደን በአምባሳደርነት፣ በአገር ውስጥም በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ስለ ገበሬ አመፅ ያን የመሰለ ሥዕል የሣለው ብዕር በዘመኑ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ከነበረ ሰው እጅ የወጣ ነው። ለንደን ተቀምጦ የዲማን የአነጋገር ለዛ ያን ያህል አጥርቶ ማስታወስ በልጅነት የሰማውን የማይጥል ጆሮ ይጠይቃል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በነበረው ዘመን ነው። አንባቢ ሁሉ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ስለሚያውቅ እርሱን አልደግመውም። የእኔ ጉዳይ አበጀ በለው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቻቸው ከልማዱ ግብር በላይ መተያያ እንዲያመጡ ያስገድዳሉ። ገበሬዎቹ ልማዱን አንከለክልም፣ ጭማሪውን ግን አንሰጥም ይላሉ። ሽማግሌ ይላካል፣ ቃል ይመላለሳል፣ ነገሩ ይከራል። በመጨረሻ ፊታውራሪው ጦር አስከትተው ሲዘምቱ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ይማርኳቸዋል። የዚህን አመፅ ጠባይ ልብ ብሎ ለመረመረ ሰው ገበሬዎቹ የተነሡት ሥርዓቱን ለመገልበጥ እንዳልሆነ ይገለጥለታል። የሚጠይቁት ልማዱ እንዲጠበቅ ነው። ሥርዓቱን ከነመሠረቱ የሚነቅፈው ገበሬ ሳይሆን ጉዱ ካሣ ነው። የተማረ፣ ከባላባቱ ወገን የተወለደ፣ ስለዚህም በዘመዶቹ ዘንድ እንደ ዕብድ የተቆጠረ ሰው ነው። ደራሲው ተቃውሞን ለሁለት ከፍለው፣ የክንዱን ለገበሬው፣ የሐሳቡን ለካሣ ሰጥተዋል። ሁለቱ በመጽሐፉ ውስጥ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም። ይህን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥርጭቱ። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ለብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አልፎ የሚታይ አልነበረም። የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። ለቢቸናና ለሞጣ ሰው በዚያ ዘመን ድራማ ማለት በሬዲዮ የሚሰማ ነገር ነበር። ሬዲዮ ደግሞ ከባለቤቱ አልፎ የጎረቤት ሀብት ነው። አንድ ሬዲዮ ባለበት ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ ማዳመጥ በገጠርም በከተማም የተለመደ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወንጌል ብሥራት ሬዲዮ ጣቢያ በመንግሥት ተወርሶ ለአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሲውል የአገሪቱ የሬዲዮ አቅም ይበልጥ ተጠናከረ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ የትረካው ትርጉም ይገለጥልናል። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ ገዝቶ ሊያነብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። መጽሐፉ ስለ ገበሬ የተጻፈ ሆኖ ሳለ ለገበሬው የተዘጋ ነበር። የከፈተለት ወጋየሁ ነው።

ወጋየሁ ንጋቱ በመድረክ ተዋናይነቱ የታወቀ ሰው ነው። በትረካው ውስጥ ብቻውን ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይመስልም። ለፊታውራሪ መሸሻ የሚሰጠው ድምፅ ከደረት የሚወጣ፣ በራሱ ግርማ የሚሰክር ነው። ለሰብለ ወንጌል ሲሆን ድምፁን በማቅጠን ሴት ለመምሰል አይጣጣርም፤ እስትንፋሱን ብቻ ያለዝባል። ጉዱ ካሣ ሲናገር ቃላቱ ይፈጥናሉ፤ የሚያዳምጠው ሰው እንዳይሸሽበት የሚቸኩል ይመስላል። በእነዚህ ድምፆች መካከል ደግሞ አራተኛ ድምፅ አለ፤ ይኸውም የተራኪው ነው። ቁጣ የሌለበት፣ የማይቸኩል፣ ሐዘንን አስቀድሞ የሚያውቅ ድምፅ ነው። ተውኔት ለምንጽፍ ሰዎች ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሐዲስ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ በቃለ ተውኔት ሚዛን ሲታይ ለተዋናይ አፍ የሚከብድ ነው። ወጋየሁ ግን አላሳጠረውም። የትንፋሽ ቦታውን አገኘለት። የጎጃም ደብተራ ተረት ሲያወራ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች አገኘለት ማለት ነው። ከቀረጻዎቹ አንዱን መጽሐፉን ይዞ መስመር በመስመር የተከታተለ ሰው ይህን በቀላሉ ያረጋግጣል። ቀረጻዎቹ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ፤ በዚያ ዘመን ያልተወለደ ወጣት ሁሉ እያዳመጣቸው ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? «ጉዱ ካሣ» የወል ስም ሆነ። ከልማድ የወጣ ሐሳብ የሚናገር ሰው በመሥሪያ ቤትም በሠፈርም ጉዱ ካሣ ይባላል። ባለጠባዩ አለቃ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ይባላል። እንዲህ የሚሉት ብዙዎቹ መጽሐፉን ገልጠው አያውቁም። አንድ የድርሰት ሥራ ከዚህ የበለጠ ወደ ሕዝብ ሊገባ የሚችልበት ደረጃ ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ትረካው የተሰማበት ዘመን ለታሪኩ የራሱን ቀለም ቀብቶታል። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጉልት ቀርቷል፤ የባላባት ሥልጣን አክትሟል። ስለዚህ አድማጩ ፊታውራሪ መሸሻን የሚሰማው እንደ ወደቀ ጠላት ነው። በውይይት ክበቡ ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት የተነገረው ትምህርትና በሬዲዮ የሚሰማው ታሪክ እርስ በርስ ተደጋገፉ። አበጀ በለውም በአድማጭ ኅሊና ውስጥ የአብዮቱ ቀዳሚ ወታደር ሆኖ ታየ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አንድ ነገር የጠፋው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ገበሬ ልማድ ጠባቂ ነበር። የትረካው ዘመን ልማድ ሰባሪ አድርጎ ሰማው። የ1960ውን እውነተኛ አመፅ ስንመረምር ይህ ልዩነት ቀላል እንዳልሆነ እናያለን።

በጎጃም የመሬት ሥሪት ርስት ነው። የርስት ባለ መብት የሚባለው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት የተወለደ ሁሉ ነው፤ በእናትም በአባትም ቢሆን። ስለዚህ አንድ ማሳ አንድ ባለቤት ብቻ የለውም። ዛሬ አንዱ ያርሰዋል፤ ነገ ሌላው የትውልዱን ሐረግ ቆጥሮ ድርሻዬን ይላል። ክርክሩ አያልቅም፤ ነገር ግን ክርክሩ ራሱ የመሬቱ ዋስትና ነው። መሬቱ በቀላድ ተለክቶ፣ በአንድ ሰው ስም በመዝገብ ሲሰፍር የቀሩት ሁሉ ከርስታቸው ይወድቃሉ። የጎጃም ገበሬ ቀላድን የሚፈራው ከዚህ የተነሣ ነው። በአገሪቱ ደቡብ ክፍል የተለካው መሬት ምን እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ እንዴት ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ ሰምቷል። ከነጻነት ማግሥት ጀምሮ መንግሥት በጎጃም መሬት ለመለካት በሞከረ ቁጥር እምቢታ ገጥሞታል። በ1930ዎቹም ሆነ በ1940ዎቹ ዓመታት ነገሩ በጦር መሣሪያ እስከ መፋለም ደርሶ መንግሥት ወደ ኋላ ብሏል።

ቢቸና ደግሞ የራሷ ቁስል ነበራት። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለጠላት እምቢ ብሎ ያን አገር የያዘው በላይ ዘለቀ፣ ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ በቢቸና ላይ ተሹሞ ነበር። ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተጣልቶ፣ ተከቦ፣ ተይዞ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ጠላት ያላሸነፈው አርበኛ በወገን ገመድ መሞቱ በዚያ አገር ሰው ልብ ውስጥ ምን እንዳስቀመጠ ለማወቅ የአገሩን ቀረርቶ መስማት ይበቃል።

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ አይመስልም። ነባሩን አሥራት አስቀርቶ በምትኩ ገበሬው እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል የሚያዝ ነው። ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ነው ነገሩ። በፓርላማ ሲያከራክር የቆየውም በዋነኛነት በባለ ሰፋፊ መሬቶች ተቃውሞ ነበር። ነገር ግን ገቢን ለማወቅ መገመት ያስፈልጋል። ለመገመት ደግሞ ገማች ማሳው ዳር ቆሞ «ይህ መሬት የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በጎጃም ይህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። መልሱ በወረቀት ላይ ከሰፈረ ቀላድ መጣ ማለት ነው። አዲስ አበባ የግብር ማሻሻያ ብላ የላከችው ነገር ቢቸናና ሞጣ ሲደርስ የርስት መንቀያ ሆኖ ተነበበ።

በዚህ ላይ አስተዳደሩ ተደረበበት። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን የጦር መሣሪያ ምዝገባና በየምክንያቱ የሚጠየቅ መዋጮ ሕዝቡን አስመርሮት ነበር። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ ከርስት ቀጥሎ የሚቆጠር ነገር ነው፤ ምዝገባውን የነጠቃ ዋዜማ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። እንግዲህ ገማቹ ሲመጣ ነገሩ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። ገማቾች ተባረሩ። ገበሬው በየደብሩና በየገበያው እየተሰበሰበ ተማማለ። በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች የተቀጣጠለው እምቢታ ወደ ሌሎቹም አውራጃዎች ተዛመተ። መሪዎቹ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ የቀድሞ አርበኞችና የአገር ባላባቶች ጭምር ናቸው። አቤት ያሉትም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ሹሙን ያንሡልን፣ እርስዎ አያውቁም፣ የበደለን እርሱ ነው ዓይነት አቤቱታ ነበር። ዘውዱን አልነኩም።

መልሱ በመጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎም ጦር ሆነ። ከዚያም የጦር አውሮፕላን ተላከ፤ መንደሮች ከአየር ተደበደቡ። በገዛ አገሩ የአየር ኃይል የተደበደበ ገበሬ ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ በመድረካችን ላይ የተናገረለት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በመጨረሻ መንግሥት ራሱ ተመለሰ። እንደራሴው ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ ግምቱም ቀረ። በኢትዮጵያ ታሪክ ገበሬ ተነሥቶ መንግሥትን ወደ ኋላ ካስባለባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

ይህን ታሪክ ምሁራን አልዘነጉትም። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን የገበሬ አመፆች ጎን ለጎን አስቀምጠው መርምረዋል። ከንጽጽሩ የሚታየውም ለድራማ ጸሐፊ የሚጠቅም ነው። የጎጃሙ ገበሬ ከሦስቱ መካከል በመሬቱ ላይ ይበልጥ ጸንቶ የቆመ፣ ስለዚህም የሚያጣው ነገር ያለው ገበሬ ነበር። የተነሣው ስለ ተራበ ብቻ አልነበረም። የነበረውን ላለማጣት ተነሣ።

እንግዲህ ይህን አመፅ ለምን በድምፅ አልሰማነውም? አንደኛው ምክንያት ከላይ የጠቀስሁት ነው። የ1960ው አመፅ ለማናቸውም ዘመን መንግሥት የሚመች ታሪክ አይደለም። ለዘውዱ ውርደት ነው። ለደርግ ደግሞ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም «መሬት ለአራሹ» የተባለው ገበሬ ባላባቱን አስከትሎ፣ ርስቴን አትንኩ ብሎ ተነሥቷልና። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጎጃም ሲደርስ በብዙ ቦታ በጥርጣሬ መታየቱ ከዚሁ የተያያዘ ነው። የዲማ አመፅ ግን ምቹ ነው። አንድ ባላባት፣ ብዙ ገበሬዎች፣ አንድ ጀግና። ለትረካ የተስተካከለ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው የጸሐፊዎቹ ነው። ታሪካዊ ተውኔቶቻችንን ስንቆጥር አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ነገሥታትንና ታላላቅ ሰዎችን ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለ ቴዎድሮስ ጻፉ፤ ፀጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ ቴዎድሮስ፣ ስለ ምኒልክ፣ ስለ አቡነ ጴጥሮስ ጻፉ። ሥራዎቹ ታላላቅ ናቸው፤ ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን የመድረክ ተውኔት በባሕርዩ አንድ ትከሻ ይፈልጋል፤ መከራውን ሁሉ የሚሸከም አንድ ሰው። የ1960ው አመፅ እንዲህ ያለ አንድ ትከሻ የለውም። የብዙ ደብር፣ የብዙ ገበያ፣ የብዙ ስብሰባ ታሪክ ነው። ስለዚህ ለመድረክ ይከብዳል፤ ለተከታታይ ድራማ ግን የተፈጠረ ነው። በተከታታይ ውስጥ አንዱ ክፍል የገማቹ፣ ሌላው የአርበኛው፣ ሌላው የጭቃ ሹሙ፣ ሌላው ደግሞ ከብቶቿን ይዛ ወደ ቆላ የወረደች ሴት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የአሌክስ ሄሊ «ሩትስ» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1977 በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ በተከታታይ ስምንት ምሽቶች ሲታይ፣ በአንድ ሰው ትከሻ ሊያዝ የማይችለውን የባርነት ታሪክ በትውልድ ሐረግ አያይዞ ወደ ሚሊዮኖች ቤት አስገብቷል። የጎጃም ርስትም የትውልድ ሐረግ ነው። የአንድን ማሳ ክርክር ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የተከተለ ድራማ የአገሩን ታሪክ ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ዛሬ በቴሌቪዥናችን ተከታታይ ድራማ እጥረት የለም። «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ከተሜውን ቤተሰብ በየሳምንቱ ያሰባሰቡ ሥራዎች ነበሩ። የታዩበት ዓለም ግን በአመዛኙ የከተማ ሳሎን ነው። ሳሎን ለመቅረጽ ይቀላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። የታሪክ ድራማ አልባሳት ይጠይቃል፣ ፈረስ ይጠይቃል፣ ጠመንጃ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የቢቸናና የሞጣ ታሪክ ከብዙዎቹ የታሪክ ድራማዎች ይልቅ በወጪ የሚቀል ይመስለኛል። ቤተ መንግሥት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የጤፍ ማሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ የገበያ ቀን፣ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍልና በሰማይ ላይ የሚሰማ የአውሮፕላን ድምፅ ነው። አውሮፕላኑን ማሳየት የግድ አይደለም። ገበሬው ቀና ብሎ ሲያይ ማሳየት ይበቃል።

የቋንቋውን ነገር ግን በቀላሉ ማየት አይገባም። በከተማ ድራማ የለመድነው ቃለ ተውኔት ለዚህ አይሆንም። የጎጃም ሽማግሌ በስብሰባ ላይ ሲናገር ነገሩን በቀጥታ አያወጣውም፤ ያዞረዋል፣ በተረት ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅርቦ ወርቁን ለሰሚው ይተውለታል። ገማቹ ደግሞ የሚናገረው የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፤ «በአዋጁ መሠረት» እያለ። የዚህ ድራማ ግጭት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእነዚህ ሁለት አማርኛዎች መካከል ሊጻፍ ይችላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን አስቀድመው አሳይተውናል፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በፊታውራሪውና በገበሬዎቹ ሽማግሌዎች መካከል የሚመላለሰው ቃል ከጦርነቱ ይበልጥ ልብ ይይዛል።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልሁት ነገር እዚህ ላይ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ የአበጀ በለው ክንድና የጉዱ ካሣ ሐሳብ አልተገናኙም። በ1960 ዓ.ም. ሊገናኙ ይችሉ ነበርን? የዩኒቨርሲቲ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ በአዲስ አበባ ጎዳና ሰልፍ ከወጣ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሞጣ ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ርስቴ አይለካም ይላል። ሁለቱም የተነሡት በአንድ መንግሥት ላይ ነው፤ የሚሹት ግን አንድ አይደለም። ከሞጣ የሄደ የገበሬ ልጅ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢኖር፣ ክረምት ሲገባ ወደ አባቱ ቤት ቢመለስ፣ አባትና ልጅ በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ስለ መሬት ምን ይባባላሉ? ለዚህ ድራማ ዋና ትዕይንት የምመርጠው እርሱን ነው። ልጁ ትክክል አባቱም ትክክል ሆነው ሊጻፉ ይገባል፤ አንዱን አላዋቂ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከውይይት ክበብ ድራማ አልፎ አይሄድም።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው መጽሐፍ ግን ገና ከሰዎች አፍ መሰብሰብ አለበት። ወጋየሁ በማይክራፎኑ ፊት ሲቀመጥ ከእጁ የተጠናቀቀ ድርሰት ነበረ። ስለ ሞጣና ስለ ቢቸና የሚጽፍ ሰው እጅ ውስጥ የሚገኘው የጥናት መጽሐፍና የመዝገብ ቤት ወረቀት ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ደግሞ የሰው ድምፅ ጥቂት ነው። በ1960 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረው ሰው ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። መንገዱ እንደ ድሮው አያስቸግርም፤ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር መግባት ይቻላል። አንድ መቅረጫና ትዕግሥት የያዘ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ዋናው ነገር ስንት ሰው ሞተ የሚለው አይደለም፤ እርሱን ሌላው ጽፎታል። ገማቹ ሲመጣ ማሳው ላይ ምን ተዘርቶ ነበር? ቃለ መሐላው በማን ደጅ ተፈጸመ? ቄሱ ምን አሉ? ጥሪው በጥሩንባ ነው ወይስ በእሪታ? አውሮፕላኑ ሲመጣ ከብቶቹ ወዴት ሸሹ? በዚያ ክረምት አዝመራውን ማን አረመ?